የ737-800 ጅራት አስፋልት እንዳይነካ፦ የጅማ ሲሙሌተር ልምምዳችን እዚህ ደርሷል

ይህ ዙር በኤክስ ፕሌን 12 (የበረራ ሲሙሌተር ፕሮግራም) ውስጥ በሚመጣው ቦይንግ 737-800 ነው፤ የምናርፈውም እዚሁ ጅማ፣ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ። ከእንግዲህ ውጤት ስትለዋወጡ «በደቂቃ ይህን ያህል ጫማ ወረድኩ» ማለቱን ተዉትና ጎማ ሲነካ አፍንጫው ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበረ ጻፉ። በጣም ለስላሳ ተብለው ከተላኩት ማረፎች ብዙዎቹ ሲመረመሩ ጅራቱ ለጥቂት ያመለጠባቸው ናቸው።

ምክንያቱ ርዝመት ነው። 737-700 33.6 ሜትር ሲሆን 800ው 39.5 ሜትር ነው፤ ተጨማሪው ቁመት ከጎማው ኋላም ስላለ ጅራቱ ቶሎ መሬት ይደርሳል። የጎማው ሾክ (ምት የሚያበርደው እግር) ተዘርግቶ እያለ የ700ው ጅራት የሚነካው 14.7 ዲግሪ ላይ ነው፣ የ800ው ግን 11 ላይ። በማረፍ ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ሾኩን ስለሚጫነው ወደ 9 ግድም ይወርዳል። አሁን ደምሩ፦ በፍላፕ 30 (የክንፉ የኋላ መታጠፊያ 30 ላይ ሆኖ) ስንቀርብ አፍንጫው ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ነው፤ ፍሌር (ጎማ ከመንካቱ በፊት አፍንጫ ማንሳት) ሌላ ከ2 እስከ 3 ይጨምራል። ለስላሳ ይሁን ብሎ አየር ላይ መንሳፈፍ በዚያ ላይ ሌላ 2 ወይም 3 ያክላል። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ የለም።

ጅማ ላይ ይህ የሚብሰው ሜዳው ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ መለኪያው 145 ኖት እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው በ160 አካባቢ ነው። በ3 ዲግሪ መውረጃ ላይ የቁልቁለቱ ፍጥነት ከ770 ወደ 860 ጫማ በደቂቃ ያድጋል። ልዩነቱ ለፍሌር ሰዓት ብዙም አይደለም፤ ጣጣው ዓይን ላይ ነው። መሬቱ ሲሮጥ እጅ «ፈጥነናል» ብሎ ትሮትሉን (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያውን) ይሰበስባል፣ ፍጥነቱ ከቪሬፍ (ለማረፍ ከተወሰነው መነሻ ፍጥነት) በታች ይወርዳል፣ ክንፉ ክብደቱን ለመሸከም አፍንጫ ይጠይቃል። መስኮቱን ሳይሆን መለኪያውን እመኑ፤ ንፋስ ከሌለ ቪሬፍ ሲደመር 5 ኖት ያዙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 500 ጫማ ላይ ፍጥነት፣ መስመርና የሞተር ኃይል ካልረጉ ሳያቅማሙ ጎ-አራውንድ (ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት)። 20 ጫማ አካባቢ አፍንጫውን 2 ወይም 3 ዲግሪ አንስታችሁ እዚያው ያዙት፤ ትሮትሉን ቀስ እያላችሁ ዝጉ፣ ጎማ ሲነካ አይድል (ዝቅተኛው ኃይል) ላይ ይድረስ። ትሮትሉን ባንዴ መዝጋት አፍንጫውን ይጥለዋል፤ ያኔ ጆይስቲኩን መሳብ ይመጣል። ያሰባችሁበት ቦታ አልፎ ገና እየተንሳፈፈ ከሆነ አትጠብቁት፤ ወይ ትንሽ ልቀቁትና ይንካ፣ ወይ ተነሱ።

ሲነጥር ነው አብዛኛው ሰው የሚበላሸው። ትሮትሉ አይድል ላይ እያለ ስፖይለር (ማንሻ ኃይልን የሚቀንስ ሳንቃ) ክንፉ ላይ ስለሚነሳ ማንሻ ኃይሉ ይጠፋል፤ አፍንጫው ወደ ላይ እንዳለ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ሾኩም ይበልጥ ይጨመቃል። ዝቅተኛ ንጥረት ከሆነ አፍንጫውን ባለበት ይዛችሁ ትንሽ ኃይል ስጡ። ከፍ ካለ ጎ-አራውንድ፤ እሱም ቢሆን በችኮላ አፍንጫ መሳብ አይደለም፣ ጎማው እንደገና ሊነካ ይችላል። ከነካም በኋላ አልቋል አትበሉ፦ ስፖይለር ሲነሳ አፍንጫውን ወደ ላይ ስለሚገፋ የፊት ጎማውን ሳትዘገዩ በልስላሴ አውርዱ።

ዳሽ 8-400 (ባለ ፕሮፔለሩን አውሮፕላን) የምትለማመዱ ደግሞ ከዚህም ጠባብ ነው፤ 6 ዲግሪ አካባቢ ስጋት ይጀምራል። እዚያ ቁልቁለትን የምታርሙት በሞተር ኃይል ነው፣ አፍንጫ በማንሳት አይደለም።

ለመመዝገብ፦ በኤክስ ፕሌን ሴቲንግ ውስጥ ዳታ አውትፑት ከፍታችሁ ቁጥር 3 (ፍጥነት) እና ቁጥር 17 (ፒች) ላይ ወደ ፋይል የሚጻፍበትን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ዳታ የሚል የጽሑፍ ፋይል በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ከበረራው በኋላ ወዲያው ኮፒ አድርጉት፤ መብራት እንደሆነ አይታመንም። ከ6 ዲግሪ በላይ የነካ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ እንደገና ይበረራል።

ይህን ያህል ማክረር ለጨዋታ ነው የምትሉ ካላችሁ፦ የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 የወደቀው ነሐሴ 1985 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ያው 747 በ1978 ኦሳካ ሲያርፍ ጅራቱ ተመትቶ የኋላው የግፊት ግድግዳ በትክክል አልተጠገነም ነበር፤ 520 ሰው ሞተ። የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ በረራ 611ም በ2002 በአየር ላይ ሲበታተን መነሻው በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ የደረሰ የጅራት ምትና የተጓደለ ጥገና ነበር፤ 225 ሰው አለቀ። በማረፍ ጊዜ ጅራት ከጎማው ቀድሞ ሊመታ ስለሚችል ጉዳቱ በመነሳት ጊዜ ከሚደርሰው ይከፋል።

የሚቀጥለው ዙር የጎን ንፋስ ነው፦ ፍላፕ 30፣ ክብደት 60 ቶን ገደማ፣ ንፋስ ከጎን 15 ኖት። ፍላፕ 40ን ለማነጻጸር ሞክሩት፤ አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ስለሚል ለጅራቱ ቦታ ይጨምራል። ክንፍ ወደ ንፋሱ ስታዘነብሉ በዚያው በኩል ስፖይለሩ ስለሚነሳ አውሮፕላኑ ድንገት ይሰጥማል፤ ያኔ እጃችሁ ምን እንዳደረገ ከቁጥር 17 ላይ አንብባችሁ አምጡ።