ጋቢ ውስጥ የሞቀ ባትሪ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጩ ገና ሳይለቅ የወንድሜ ልጅ ባለ ሪሞት መኪናውን ታቅፎ ሜዳ ወሰደኝ። በኤሌክትሪክ የምትሄድ ባጊ፣ ማለትም የአፈር ሜዳ መኪና ናት፤ ከእውነተኛዋ 10 ጊዜ ታንሳለች። «የልጅ ዕቃ» ብዬ ስቄ ነበር። ከአፈር ጉብታው ላይ ስትዘል ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ አየር ላይ እያለች ነዳጅ እንደመስጠት ሲያደርጋት አፍንጫዋ ቀና ይላል፣ ፍሬን ሲይዝ ይደፋል!

ጠላቷ የኛው ብርድ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይከዳል። ልጁ ታዲያ 7.4 ቮልቷን ባትሪ ጋቢዬ ውስጥ ሸጎጠና «ጋሼ፣ እስክትሞቅ እንዳይነሱ» አለኝ። እንደ ዶሮ ታቀፍኳት።

አራት ጎረምሶች ሆነው «ክለብ ነን» ይላሉ፤ መኪናው ሦስት ነው። በየእሁዱ 5 ደቂቃ ይሽቀዳደማሉ። ለሚቀጥለው እሁድ ሰዓት ያዥ እኔ ነኝ፤ ጋቢዬም ተፈልጓል።