ጉልበት ፍለጋ

ጎንደር፣ አዘዞ ወዳለችው ጋራዤ ሞተር እየገፋ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ይፍጠንልኝ።» ቀጥሎ ማርሚታ ይቀየርልኝ ይላል። ድምፁ ፒያሳ ድረስ ካልተሰማ የነዳ አይመስለውም።

ሰሞኑን የመጣው የማራኪ ልጅ ግን ትንሽ ይለያል። ቦክሰር ሞተር አለው፤ ከጓደኞቹ ጋር አፈር ሜዳ ላይ መሽቀዳደም የጀመረ ጀማሪ ነው። እሱም ትልቅ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ግጠምልኝ አለኝ። «እስቲ መጀመሪያ ውጣበትና ልይህ» አልኩት።

ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰቅሏል። የእጅ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ለሌላ ሰው ቁመት የታሰሩ ናቸው፤ ለመያዝ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ይሰብራል። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ መቀመጫው ላይ ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ በሙሉ ክንዱ ላይ ያርፋል። ሰውነት የተሸከመ ክንድ መሪ አያዞርም። ይህን ልጅ ፈረስ ጉልበት ብጨምርለት የሚወድቅበትን ፍጥነት ነው የምጨምርለት።

የሆርሄ ሎሬንዞን ነገር አወራሁለት። በያማሃ እ.ኤ.አ. በ2010፣ 2012 እና 2015 የሞቶ ጂፒ፣ የትልቁ የዓለም የሞተር ውድድር፣ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በ2017 ወደ ሌላው የሞተር ፋብሪካ፣ ዱካቲ፣ ሲገባ ግን አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ዓመቱ አለቀ። ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱን የሚደግፍበት ነገር አጣ፤ ውድድሩ ሳያልቅ ክንዱ ይዝላል። ሰውየው የጠየቀው ጉልበት አልነበረም፣ የቤንዚን ታንከሩ ቅርጽ እንዲቀየርለት እንጂ። አዲሱ ታንከር በ2018 ጣሊያን፣ ሙጄሎ ላይ ደረሰለትና አሸነፈ። ቀጥሎ ባርሴሎናንም ደገመ። የሚያናድደው፣ ያኔ ለቀጣዩ ዓመት ወደ ሆንዳ መሄዱ አልቆ ነበር። ዱካቲዎች ያቺን ታንከር ቀደም ብለው ቢሰጡት ኖሮ እላለሁ አሁንም።

ልጁ ዝም የሚል አይደለም። «ማርክ ማርኬዝስ ጋሼ? ሞቶ ጂፒ በገባበት ዓመት አይደል እንዴ ዋንጫውን የወሰደው?» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2013፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ያውም ሻምፒዮኑ ኬሲ ስቶነር በለቀቀው የሆንዳ ቦታ ላይ። ግን ብቻውን አልገባም። ከታችኛው ምድብ፣ ከሞቶ 2፣ ጀምሮ የሚያውቀው ዋና መካኒክ፣ ሳንቲ ሄርናንዴዝ፣ አብሮት ነበር። ጀማሪ ምን እንደሚሰማው ያውቃል፤ በምን ብሎን እንደሚስተካከል ግን አያውቅም። መሀል ላይ ሆኖ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

ወደ ሥራችን ገባን። የእጅ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን አላልቼ ወደ ታች አዞርኳቸው፣ ከክንዱ ጋር ቀጥ እስኪሉ። የእግር ፍሬኑንም ዝቅ አደረግኩት። የኋላ አሞርዛተሩ ለሁለት ሰው ጭነት ጠብቆ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው፣ አላላሁለት።

ታንከሩ ላይ ግን ቆየን። ቅርጹን መቀየር አልችልም፤ ስለዚህ ፍሬን እንደያዘ ሆኖ እንዲቀመጥ አደረግኩና ጉልበቱ የሚነካበትን ቦታ ግራና ቀኝ በጠመኔ ከበብኩ። የቀኙ ከግራው ዝቅ ብሎ ወጣ። ሁለት ጊዜ አስነስቼ አስቀመጥኩት፣ ያው ነው። ለካ ልጁ ትንሽ ዘመም ብሎ ነው የሚቀመጠው። አሮጌ የጎማ ላስቲክ በየልኩ ቆረጥኩ፤ ታንከሩን በቤንዚን ወልውዬ በማስቲሽ ለጠፍኩት። መልኩ አያምርም። ጉልበቱ ግን አሁን ይይዛል፣ ክንዱም ያርፋል።

ካርቡሬተሩን በተመለከተ ካንዴላውን ፈትቼ አሳየሁት፤ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ትልቅ ካርቡሬተር ቢገጠምለት ይብሰው ነበር። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት አገር ደግሞ ማንን ሊቀልብ ነው? ቤንዚኑን ቀነስኩለት።

የቀረን ካቴናውን የሚያዞረው የፊት ጥርስ ነው። ቁጥሩ በአንድ ቢያንስ ከመታጠፊያ ሲወጣ ቶሎ ይነሳል፣ ዳገትም ይወዳል፤ ቀጥ ባለ ረጅም መንገድ ላይ ግን መጨረሻ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ልጁ አስፋልት ላይ ጓደኞቹ ያልፉኛል ብሎ ፈራ። «የምትሽቀዳደመው አፈር ላይ አይደል እንዴ?» አልኩት። ጥርሱ ከተገኘ ቅዳሜ እንሞክራለን። ርካሹን ይዞ ከመጣ ግን አልገጥምለትም፤ ካቴናውን ይበላዋል።