የእናት ሥራ

ሰሞኑን ደስ አይለኝም። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። ሰዓቱ ከተቀየረ ወዲህ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ይጨልማል። ከሥራ ስወጣ ቀኑ አልቆ ይጠብቀኛል። ትናንትም እንደዚያው ከፍቶኝ ነው ከእህቴ ልጅ ጋር ገበያ የወጣሁት። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ እኔ ጋ ነው። ሽንኩርቱን፣ ዶሮውን፣ እንቁላሉን ጋሪው ላይ ጫንን። ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«ቢራው የት ነው?» አለችኝ።

«እዚህ አይሸጥም።»

«እንዴ! አሌክሳንድሪያ እነ እትዬ ጋ ከዳቦው አጠገብ ነበር እኮ።»

«ያ ቨርጂኒያ ነዋ።»

«እና ቢሆንስ?»

መልስ አጣሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አገሩ እንዲህ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ፣ በቃ። ማታ እሷ ተኛች። እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ።

አሜሪካ መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን በሕገ መንግሥቷ የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1920 ጀምሮ ነው። ክልከላው በዲሴምበር 1933 ተሻረ። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሻረው ማሻሻያ፣ ሃያ አንደኛው፣ የመጠጡን ነገር ለየግዛቶቹ ትቶታል። ብዙ ግዛቶች ደግሞ በሥራቸው ላሉት አስተዳደሮች፣ ለካውንቲና ለከተማ፣ አሳለፉት። ትልቁ ክልከላ ተሰበረ፣ ስብርባሪው ግን በየሰፈሩ ቀረ።

የኛ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ያኔ በ1933 መጠጡን ለነጋዴ ከመልቀቅ ራሱ ያዘው። ዛሬም አልለቀቀም። ውስኪ ወይም ጂን የፈለገ ሰው የካውንቲው ሱቅ ይሄዳል። ጆርጂያ ጎዳና ላይ የሀበሻ ምግብ ቤት ገብተን የምናዘው ቢራ እንኳ በካውንቲው መጋዘን በኩል ነው የሚመጣው። ትርፉም ለካውንቲው ነው። ልጆች ሳለን ብሔራዊ አልኮል የመንግሥት ነበር፤ ያ የኛ አገር ነገር ይመስለኝ ነበር። የሱፐርማርኬቱ እገዳ ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ ነው። ቅርንጫፍ የበዛባቸው መደብሮች፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ የመጠጥ ፈቃድ አያገኙም። እንግዲህ ይቺው ሜሪላንድ ናት በክልከላው ዘመን የራሷን ማስፈጸሚያ ሕግ አላወጣም ብላ እስከ መጨረሻው የጸናችው።

ከዚህ ወደ ሰሜን ስትነዱ ዳማስከስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጳውሎስ ሊገባባት ሲል ብርሃን የወረደባት የደማስቆ ስም ነው የወጣላት። በዚህች ከተማ ምግብ ቤቶች ቢራና ወይን እንዲያቀርቡ ሕዝቡ በድምፅ የፈቀደው በ2012 ነው። አገሩ ክልከላውን ከሻረ 79 ዓመት በኋላ! ከዚያ በፊት ድምፅ ተሰጥቶበት እምቢ ብለዋል፣ አንዴ ብቻ አይደለም። ይሄን ሳነብ አልሳቅኩባቸውም። ሰፈራቸው ምን እንዲመስል እንደሚፈልጉ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ሰፈሬ ውስጥ ስለ ምንም ነገር ተጠይቄ አላውቅም፣ ቢጠይቁኝም ምን እንደምል እንጃ።

አልፌው መሄድ ያቃተኝ ግን የቤት ጠመቃው ነው። በ1933 ክልከላው ሲነሳ ወይን ቤት ውስጥ መሥራት ተፈቀደ። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅደው ቃል ግን ከሕጉ ሳይገባ ቀረ። በዚያው ተረስቶ እስከ 1978 ቆየ፤ ያኔ ፕሬዚዳንት ካርተር ፈረሙና ተፈቀደ። አላባማና ሚሲሲፒማ በየበኩላቸው የፈቀዱት በ2013 ነው። አሁን ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል፣ ከ750 ሊትር በላይ ማለት ነው። ለሽያጭ ግን አይሆንም። ጠላም ከብቅል የሚጠመቅ ቢራ ነው። ሳሎኔ ጥግ ተሸፍኖ የተቀመጠው ጥንስስ፣ ያ ቤቱን በሙሉ ጌሾ ጌሾ ያሸተተው፣ ሕጋዊ ነው። ዞሬ አየሁትና ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያለው አረፍተ ነገር ግን ስለ አረቄ ነው። ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት የፌዴራል ወንጀል ነው። እስከ አምስት ዓመት እስር ያስፈርዳል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እማዬ አረቄ አውጪ ነበረች። እኔም እህቴም የተማርነው በዚያ ነው። ድፍድፉን ማቃጠያው ሸክላ ውስጥ ገልብጣ፣ አፉን በጭቃ መርጋ፣ ከሸምበቆው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ስትጠብቅ ሌሊቱ ይነጋል። የመጀመሪያውን እሳት ላይ ጠብ ታደርግና ሰማያዊ ነበልባል ካወጣ፣ «እሰይ፣ ወጥቶልኛል» ትላለች። ለበዓል ዳጊም ታወጣለች። ዓይኗ ከጭሱ የተነሳ ሁሌ ቀይ ነበር። ትምህርት ቤት ስሄድ ልብሴ ይሸታል። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ አፍንጫውን ሲይዝ አይቻለሁ፣ አንዴ አይደለም።

እኔ ግን ስለ እሷ ማውራት የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ደሞዝ በወጣ ቀን የሰፈሩ ሴቶች ወደኛ ቤት ይመጡ ነበር፣ ልጅ አዝለው፣ በጓሮ በኩል። «እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ አትቅጂለት» ይሏታል። እማዬ ታዲያ አትቀዳለትም። ሰውየው ይቆጣል፣ ይሰድባታል፣ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል። «ዛሬ አልቋል» ትላለች፤ ጠርሙሱ ከኋላዋ ተደርድሮ። ሌላ ቤት ሄዶ እንደሚጠጣ ታውቃለች። ያቺን ቀን ገበያዋ እንደሚቀንስም ታውቃለች። ለነጋው ጌሾ መግዣ ሳይኖራት ያደረገችው ጊዜ አለ።

ሌሊት ሳነብ እነዚያን ሴቶች አገኘኋቸው። ከ1873 መጨረሻ ጀምሮ፣ ክረምቱን በሙሉ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሴቶች በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ በረዶ ላይ ተንበርክከው ይጸልዩ ነበር፣ ባለቤቱ እንዲዘጋ። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ያለውን ያውቁታል። ባል የሳምንት ደሞዙን ጠጥቶ ሲገባ ሚስት የምርጫ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ክልከላው ከዚያ በረዶ ላይ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል። በጓሮአችን የሚመጡት ሴቶችም ሌላ አልነበሩም። ልዩነቱ፣ የኛዎቹ ሲመጡ በሩን የምትከፍትላቸው ያው አረቄ አውጪዋ ነበረች። ይሄን የመሰለ ሕግ ሌሊቱን ካነበብኩት ውስጥ አላገኘሁም። የእማዬ ሕግ በግምት ሳይሆን በስም ነው የሚሠራው፤ ለእገሌ፣ ዛሬ፣ ምክንያቱም እገሊት መጥታለች። እማዬ ሌሊቱን በጭስ የሠራችውን ነገር ጉዳት ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። እያወቀችው አሳደገችን። እኔ ይሄን ለመረዳት ይሄን ያህል ዘመን ፈጀብኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤት ፎርም ሰጡን። የእናት ሥራ የሚል ቦታ አለው። «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁ። እስክሪብቶዬ አልተንቀጠቀጠም፣ በደንብ አስታውሳለሁ። ከታች የወላጅ ፊርማ ስለሚል ማታ ወስጄ ሰጠኋት።

እማዬ መሠረተ ትምህርት ተምራለች። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ወረቀቱን ወደ እሳቱ አስጠግታ ብዙ ቆየች። ጣቷ ከላይ ጀምሮ ወረደ፣ መሃል ላይ ቆመ፣ እንደገና ወረደ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፈረመች። እራት በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ጣቷ መሃል ላይ የቆመው ፊደሉ አስቸግሯት ነው? ወይስ አንብባው?