ባለ አምስት ሜትሩ የካሜራ ገመድና ያታለለኝ ሽቦ

ለጥምቀት ካሜራዬን በባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ አስሬ፣ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ከሚቆመው ሕዝብ ራስ በላይ ከፍ አድርጌ ፎቶ ለማንሳት ወሰንኩ። የካኖን ኩባንያ ለ600ዲ ካሜራዬ የሚሸጠው የፎቶ ማንሻ ገመድ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ገመድ አልባው መቆጣጠሪያ ደግሞ ከካሜራው ፊት ለፊት ካልቆሙ አያገለግልም። ስለዚህ የ5 ሜትር ገመድ ራሴ ለመሥራት ተነሣሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካሜራው ላይ የሚሰካው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ ጃክ (የኢርፎን ዓይነት ቀጭን መሰኪያ) ሦስት ክፍል አለው፦ ጫፉ ፎቶ ያነሳል፣ ቀለበቱ ፎከስ ያደርጋል፣ ግንዱ የሁለቱ የጋራ መስመር ነው። ከሁለት የበር ደወል መጫኛዎች አንዱን ከጫፉና ከግንዱ፣ ሌላውን ከቀለበቱና ከግንዱ ማገናኘት ይበቃል። የኒኮን መሰኪያ የተለየ ስለሆነ ይህ አይሆንለትም።

ሦስት ምሽት የበላብኝ ብየዳው ነው። ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ብቻ የኢርፎን ማራዘሚያ ገመድ ገዝቼ ቆረጥኩት። በውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሽቦዎች አገኘሁ፤ ቀለማቸው አምሮኝ ልላጣቸው ሳልል ወደ ብየዳው ገባሁ። የቀለጠው የብየዳ ሊድ ግን በቅባት ላይ እንደ ወደቀ ውኃ እየተንከባለለ ወረደ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ሽቦውን ዓይኑ ሥር አስቀምጬለት ሳለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «መበየጃህ ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ሸጠልኝ። በአዲሱም ያው ሆነ። በሁለተኛው ምሽት መብራት ሲጠፋ ጥፋቱን ሁሉ በመብራቱ ላይ አሳበብኩ። በሦስተኛው ምሽት ነው፣ መዳብ አረንጓዴ ሆኖ የት ታይቶ ያውቃል ብዬ ራሴን የጠየቅሁት። ቀለሙ ለካ እንደ ፕላስቲክ ልባስ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ኖሯል፤ በመካከሉም ቀጭን የናይለን ክር ነበረበት። ጫፉን በላይተር ለጥቂት ሰከንድ አቃጥዬ፣ ጥላሸቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ ስሞክረው ሊዱ ወዲያው ያዘ። ለሁለተኛው መበየጃ የከፈልኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከነጋዴው ይልቅ ግን የምናደደው በራሴ ነው፤ ሽቦው ሦስት ምሽት እጄ ላይ ነበርና።

የካሜራው መመሪያ ከኩባንያው ዕቃ ውጭ ሌላ እንዳንጠቀም ይመክራል። እኔ አልስማማም፤ ይህ ገመድ ማብሪያ ማጥፊያ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ሆኖም ባትሪም ሆነ ሌላ የኃይል ምንጭ ከቶ አታገናኙበት፣ ካሜራው ላይ ከመሰካታችሁም በፊት ሦስቱ መስመሮች እርስ በርስ አለመነካካታቸውን በቴስተር (በመልቲሜትር) አረጋግጡ። ፎከሱንም እታች ሳላችሁ በእጅ አስተካክላችሁ ቆልፉት፤ አለበለዚያ ካሜራው እላይ ሆኖ ፎከስ ሲፈልግ ታቦቱ ያልፋል።

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ እንጨቱን ባነሳሁ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካሜራው መታዘዝ አቆመ። ሳወርደው የገመዱ ክብደት ጃኩን ጎትቶ አውጥቶታል። ያንን ሁሉ ብየዳ የፈተሽኩ ሰው ገመዱን ከካሜራው ማንገቻ ጋር ማሰር አላሰብኩም! በማግሥቱ በጨርቅ ቁራጭ አሰርኩት፤ ወጣቶቹ ወደ ተባረከው ውኃ ሲዘሉም ከላይ ሆኖ ሳያቋርጥ አነሳልኝ።