ሐምሌ ላይ «ከደመና» የተገኘው ውኃ

ወጨጫ ተራራ ላይ፣ ከመናገሻ ጫካ ዳር ባለ አንድ የመለኪያ ጣቢያ የሐምሌ ዳታ ሲሰላ ከጥዱ ሥር የተለካው ውኃ ሜዳው ላይ ከተለካው ዝናብ በልጦ ተገኘ። በአንዱ ሌሊት ሜዳው ላይ 10 ሚሊ ሜትር፣ ጥዱ ሥር 12። የጫካውን ውኃ የሚያሰላውን ሞዴል የሚሠራው ወጣት ትርፉን በሙሉ የደመና ውኃ፣ ማለትም ዛፎቹ ከጉም የያዙት ብሎ መዘገበው።

የስሌቱ መንገድ የታወቀ ነው። ከቅጠል የሚንጠባጠበው፣ በግንድ የሚወርደውና ቅጠል ላይ ቀርቶ የሚተነው ይደመራል፤ ከዚያ ዝናቡ ይቀነሳል። ትነቱ ሩተር የተባለ ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሞዴል ዓይነት ሊሰላ ይችላል። ግን በመቀነስ የሚገኝ ቁጥር የመለኪያዎቹን ሁሉ ጉድለት ተሸክሞ ይመጣል።

ወጣቱ ሌላም ማስረጃ ነበረው፦ የጉም መያዣው መረብ። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ግርጌው ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ያለ፣ በሁለት ድርብ የጥላ መረብ የተወጠረ። በዚያ ሌሊት 9 ሊትር ሰብስቧል።

መሣሪያዎቹን የሚጠግኑት አንጋፋ ቴክኒሻን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ነፋሱ ስንት ነበር?»

«በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መረብህ የያዘው ዝናብ ነው።»

1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠብታ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ነፋሱም 4 ከሆነ ዝናቡ በ45 ዲግሪ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ የቆመ መረብ የሚያገኘው ውኃ መሬት ላይ ከተዘረጋ እኩል ስፋት ያለው ነገር ጋር አንድ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር 10 ሊትር ነው። ጉሙስ? በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.1 ግራም ውኃ ቢይዝ፣ መረቡም ግማሹን ቢያስቀር፣ በሰዓት 0.7 ሊትር ገደማ። 9 ሊትር ለመሙላት ከ12 ሰዓት በላይ ያልተቋረጠ ጉም ያስፈልጋል።

የዝናብ መለኪያውም አልተረፈም። በሜትር ሲለካ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ካሉት ጥዶች 15 ሜትር ብቻ ይርቃል። ጥዱ 20 ሜትር ከሆነ መለኪያው ቢያንስ 40 ሜትር መራቅ ነበረበት፤ ያለዚያ ዛፉ የተጋደመውን ዝናብ ይጋርደዋል። ዝናቡ አንሶ ሲመዘገብ ደግሞ ጫካው ያተረፈ ይመስላል።

ዳታው እንደገና የተጣራው በሰዓት በሰዓት ነው። ዝናብ የተመዘገበባቸው ሰዓታት ወጡ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉት 3 ሰዓታትም ወጡ፣ ቅጠሉ የያዘውን ጠብ አድርጎ እስኪጨርስ። በጣም የሚዘነጋው ይኼኛው ነው። መረቡ ላይ የቆርቆሮ ክዳን እንስራለት የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር፤ ግን 45 ዲግሪ የተጋደመ ዝናብን ለመከልከል ክዳኑ ከመረቡ ቢያንስ 1 ሜትር ወደፊት መውጣት አለበት፣ ያን ያህል ሲሰፋ ደግሞ የነፋሱን መንገድ ያዛባል። ነፋስ በሚበዛበት ቦታ ብዙ አይጠቅምም።

ተጣርቶ የቀረው ትርፍ ጥቂት ቢሆንም ዜሮ አይደለም። የተገኘው ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ከሚያገኛቸው የዳር ጥዶች ሥር ነው፤ ወደ ውስጥ ገባ ብለው የተቀመጡት መለኪያዎች ደረቅ ናቸው ለማለት ይቻላል። ወጣቱ የዳሩን ቁጥር በጫካው ጠቅላላ ስፋት ሊያባዛ ሲል ጋሼ አስቆሙት። አሁን ሞዴሉ ውስጥ ዳርና ውስጥ ለየብቻቸው ይሰላሉ፤ የዳሩ ስፋት የሚገኘውም ለነፋስ የተጋለጠው ጠርዝ ርዝመት ጉሙ ዘልቆ በሚገባበት ጥልቀት ተባዝቶ ነው።