ያዘመመው የሞተርሆማችን ግንባር

ዛሬ ዴንቨር፣ ጓሯችን ውስጥ፣ ሙሉ ቀን ከአሮጌው ሞተርሆማችን (ውስጡ እንደ ቤት ከተሠራው መኪናችን) ጋር ዋልኩ። የ1994 ሞዴል ነው፤ በፎርድ ኢ-350 መኪና ሻሲ (ከስር በሚሸከመው የብረት አካል) ላይ የተሠራ። ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለው አልጋ ወደ ፊት ዘሟል። በቀኝ በኩል በሩ አናት ላይ ሊያርፍ ትንሽ ነው የቀረው።

መጀመሪያ ሻሲው የታጠፈ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠርን። ቀጥ ያለ ነው፣ ተመስገን! ከዚያ ፍራሹን አንስቼ ጥጉን በካቻቪቴ ወጋሁት። እንደ ራሰ ዳቦ ሰተት ብሎ ገባ። ከውጭ አሉሚኒየሙ ምንም አይልም፤ ውስጡ ያለው እንጨት ግን በስብሷል። ውሃው በፊት መስኮቱና በማዕዘኑ መጋጠሚያ ለዓመታት ሲገባ ኖሯል። አሮጌ የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ቀለሙን ሳታዩ በፊት ይሄን ጥግ በእጃችሁ ተጫኑት።

ወንድሜ ክሪኩ ላይ ወፍራም ጣውላ አድርጎ ከስር ደገፈው። በትንሽ በትንሹ፣ እያረፍን አነሳነው። ከተጣደፉ መስኮቱ ይሰነጠቃል። የበሰበሰውን ቆርጠን አዲስ እንጨት በሙጫና በብሎን አሠርን።

አባዬ ወንበር አውጥተው ሲያዩን ዋሉ። "ልጆቼ፣ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ድፈኑ" አሉን። ልክ ናቸው። ነገ መጋጠሚያዎቹን እናሽጋለን፤ ኮምፔርሳቶው ከዚያ በኋላ ነው የሚለብሰው።