16 ጂ ላይ የተቆረጠው ጫፍ፦ የጭንቅላት ምት መለካት፣ አራተኛ ወር

ባለፈው ስጽፍላችሁ የጭንቅላት ምትን የሚለካ ሴንሰር ሄልሜት ውስጥ ገጥሜ መቅዳት ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ሄልሜቱን ከጉልበቴ ቁመትም ልጣለው ከትከሻዬ፣ ውጤቱ አንድ ነው፦ 16 ጂ። (1 ጂ ማለት አንድ ዕቃ በመሬት ስበት ብቻ ሲወድቅ የሚኖረው አክሰለሬሽን፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው።) ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ሳገላብጥ ቆየሁ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ኤምፒዩ-6050 የሚባለው ቺፕ ከ16 ጂ በላይ ማንበብ ስለማይችል የምቱን ጫፍ ቆርጦት ነው። ስፖርት ላይ ከባድ የሚባለው ምት ደግሞ ብዙ አሥር ጂ ይደርሳል፣ ከ100 የሚያልፍም አለ።

እስከ 200 ጂ በሚያነብ ሴንሰር ቀየርኩት። ሄልሜቱንም ባዶውን መጣል ትቼ 4.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጭንቅላት ቅርጽ ሠራሁለት፤ የመኪና ግጭት መሞከሪያ አሻንጉሊቱ የሃይብሪድ 3 ጭንቅላትም ክብደቱ እዚያው አካባቢ ነው። በሰከንድ 1000 ጊዜ ነው የምቀዳው። ሄልሜት ላይ የሚያርፍ ምት ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ቢቆይ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ብቀዳ ኖሮ ከጠቅላላው ምት አንድ ወይ ሁለት ነጥብ ነበር የማገኘው።

እውነተኛው ትምህርት የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አንዱን ቅጂ ወስጄ በሁለት የተለያየ ፊልተር (ከቅጂው ላይ ፈጣን ንዝረትን በስሌት የሚያጠፋ ማጣሪያ) አሳለፍኩት። አንዱ 88 ጂ አለኝ፣ ሌላው 61። ምቱ ያው አንድ ምት ነው! ታዲያ አንድ ጥናት «ተጫዋቾቹ በአማካይ ይህን ያህል ጂ ደረሰባቸው» ሲል የትኛውን ፊልተር ተጠቅሞ ነው? ካልጻፈው ከሌላ ጥናት ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ይህን ስፈልግ ነው ቻምፕ ላይ የደረስኩት። በ2022 የወጣ የባለሙያዎች ስምምነት ነው፤ የጭንቅላትን አክሰለሬሽን የሚለኩ ተመራማሪዎች ጥናት እንዴት እንደሚነደፍ፣ ሴንሰር ላቦራቶሪ ውስጥ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት፣ ምን ምን ተጽፎ መውጣት እንዳለበት ተነጋግረው የተስማሙበት። ይህን መሣሪያ ብቻ ተጠቀሙ አይልም። የተጠቀማችሁበትን በደንብ ግለጹ ነው የሚለው። ለእኔ ትልቁ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቃል ደግሞ አስተካክሎልኛል። ሴንሰሩ የሚመዘግበው ምትን አይደለም፣ የጭንቅላት አክሰለሬሽንን ነው። ደረቱን የተገፋ ሰው ጭንቅላቱ ሳይነካ አንገቱ ተወዛውዞ ትልቅ ቁጥር ሊያስመዘግብ ይችላል። ተጫዋቾች ጥርሳቸው ላይ በሚያደርጉት የአፍ መከላከያ ውስጥ የተገጠመ ሴንሰር ደግሞ መከላከያው ከአፍ ወጥቶ መሬት ሲወድቅ ወይም ሲታኘክም ይመዘግባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምዝገባ ከቪዲዮ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ያለሱ የተቆጠረ ቁጥር አላምንም።

ሴንሰሩ የሚገጠምበት ቦታም እንዲሁ። ሄልሜት ጭንቅላት ላይ ይንሸራተታል፣ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ሴንሰር ከቆዳው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። የላይኛው ጥርስ ግን ከራስ ቅል ጋር የተያያዘ ስለሆነ በልክ የተሠራ የአፍ መከላከያ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ወርልድ ራግቢ ከ2024 ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ ውድድሮች ከጭንቅላት ምርመራው ሥርዓት ጋር ያገናኘው እሱን ነው። ሴንሰሩ ለሐኪሙ ማንቂያ ይሰጣል እንጂ ኮንከሽን (በምት የሚመጣ የአእምሮ መናወጥ) መኖሩን በራሱ አይናገርም።

ዙረትንም ችላ ብዬው ነበር። ሆልበርን የተባለ ሳይንቲስት በ1943 አእምሮን ይበልጥ የሚጎዳው የጭንቅላት መዞር ነው ብሎ ተከራክሯል፣ ለዚያም በጄላቲን ሞዴል ሞክሯል። በመኪና ግጭት ሙከራ የጭንቅላት ጉዳትን የሚገምተው የድሮው መለኪያ፣ ኤችአይሲ፣ ግን ዙረትን ከነጭራሹ አያስገባም። አሁን የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ጋይሮስኮፕ ጨምሬያለሁ።

በወታደሮች ላይ የሚደረገው ልኬት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ትከሻ ላይ ተደርጎ የሚተኮስ መሣሪያ ወይም በር በፈንጂ መስበር ጭንቅላቱን ብዙም ሳያንቀሳቅስ የግፊት ማዕበል ያሳርፍበታል። አክሰለሬሽን ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያየውም። ስለዚህ የግፊት ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይለበሳል፤ የአሜሪካ ጦር 4 ፒኤስአይን፣ ማለትም 28 ኪሎፓስካል ገደማን፣ እንደ ጥንቃቄ ወሰን ሲጠቀምበት ቆይቷል። ጌጁ ወደ ፍንዳታው መዞሩና አለመዞሩ ንባቡን ይለውጠዋል፤ አንድ ወታደር ደረቱ፣ ትከሻውና ራሱ ላይ ጌጅ ቢያደርግ ከአንድ ፍንዳታ ሦስት የተለያየ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቆጠራው ነው። ብዙ መሣሪያ መቅዳት የሚጀምረው ከ10 ጂ አካባቢ ሲያልፍ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ጭራሽ አይኖርም። ወሰኑን ወደ 5 ብናወርደው የአንድ ተጫዋች የዓመት ቆጠራ በብዙ ይጨምራል፣ ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ስለ ጤናው የሚነገረው ሰው ይህን የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ።

እና አሁን ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የሴንሰሩን ጣሪያ፣ የመቅጃ ፍጥነቱን፣ ፊልተሩን፣ መነሻ ወሰኑን፣ የተገጠመበትን ቦታ እጽፋለሁ፤ ያልተጣራውንም ቅጂ አስቀምጠዋለሁ። የመጀመሪያው ወር ቅጂዎቼን በሙሉ ከመዝገቤ አውጥቻቸዋለሁ። ቀጣዩ ሥራ የካሜራውንና የሴንሰሩን ሰዓት ማስማማት ነው፤ እስካሁን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይለያያሉ፣ በዚህ ልዩነት ደግሞ የትኛው ምት የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። የሞከራችሁት ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።